ሁለተኛው ጥያቄ

ጀውሃራ በአንድ ነገር ትታማ ከነበረ፣ አገሩን ሁሉ ለግብዣ እየጠራች እሷ የትም ባለመገኘቷ ነው።

ሥራዋ ነዋ! ሲያትል ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ፣ በኪነ ጥበባት ጽሕፈት ቤት፣ ከትምህርቷ ጎን ለጎን በሳምንት አሥራ አምስት ሰዓት ትሠራ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ሰኞ ከየክፍሉ የሚመጣውን ማስታወቂያ ትሰበስባለች። የቼሎ ኮንሰርት፣ የተማሪዎች የሥዕል ኤግዚቢሽን፣ የሸክላ ዎርክሾፕ፣ የግጥም ንባብ፣ የዳንስ ትምህርት ለጀማሪዎች። ሁሉንም በአንድ ገጽ ትተይባለች፤ በቢጫ ወረቀት ሁለት መቶ ቅጂ ታባዛለች፤ ከዚያ ኪሷን በፒን ሞልታ ግቢውን እየዞረች በየሰሌዳው ትለጥፋለች። ከላይ በትልቁ «በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት» ይላል። ከታች ደግሞ በትንሹ «ሁሉም ሰው ተጋብዟል» ይላል። ይህቺን የመጨረሻዋን መስመር ማንም ሳያዛት የጨመረቻት ራሷ ናት።

«ኮንሰርቱ እንዴት ነበር?» ብለው የሚጠይቋት ነበሩ።

«በጣም ጥሩ ነበር» ትላለች። በዚያ ሰዓት እሷ በሰባት ቁጥር አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ሬኒየር ቢች፣ ወደምትኖርበት ወደ አክስቷና አጎቷ ቤት እየሄደች እንደነበር ማን ያውቃል?

ከደሴ ለትምህርት ከመጣች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ የ1995 መከር ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት የሞላት፣ ቀጭን፣ ረጋ ያለች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ ናት። ብልህ ናት። እንዲያውም ከብልህነቷ ብዛት ነው በኋላ ጣጣ ውስጥ የገባችው ብል የምቀጥፍ አይምሰላችሁ።

የቴአትር ክፍሉን ማስታወቂያ የሚያመጣው ዓብዱረዛቅ የሚባል የኮምቦልቻ ልጅ ነበር። በሱዳን አድርጎ በአሥራ ስምንት ዓመቱ አሜሪካ ገብቷል፤ አሁን ሃያ ሰባት ሞልቶት የኤሌክትሪክ ምህንድስና ትምህርቱን ሊጨርስ አንድ ዓመት ቀርቶታል። በትርፍ ሰዓቱ የዩኒቨርሲቲውን ቴአትር ቤት መብራት ይሰቅላል። ረጅም ነው፣ ትከሻው ሰፊ ነው፣ የጽሑፉ ነገር ግን አይነሣ። የሐኪም ማዘዣ ከእሱ ይሻላል።

«ይሄ ምንድነው?» አለችው በመጀመሪያው ሰኞ፣ ያመጣውን ወረቀት ወደ መስኮቱ አዙራ።

«የቱ?»

«ይሄ። እባብ የሚመስለው።»

ጎንበስ ብሎ አየው። ዓይኑን አጠበበ። ወረቀቱን ገልብጦ አየው። «እኔም እንጃ» አለ በመጨረሻ።

ጀውሃራ አፏን በእጇ ሸፈነች። እሱም ሳቀ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና የጻፈውን ሁሉ አንድ በአንድ እያነበበላት፣ ግማሹን ከጽሑፉ ግማሹን ከራሱ፣ ተየበች።

እንዲህ ሆነ ልማዱ። በየሁለት ሳምንቱ ሰኞ ወንበር ይስባል፣ ያነብላታል፣ ትተይባለች። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ኅዳር ላይ ግማሽ ሰዓት ደረሰ። ጽሑፉን እየለመደችው ስትሄድ እንኳ፣ ደህና አድርጋ ያነበበችውን ቃል ሳይቀር «ይሄስ?» እያለች ትጠይቀዋለች። እሱም ነገሩ የገባው አይመስልም፤ ወይም ገብቶታል።

አንድ ሰኞ ዝናቡ አላባራ ብሎ ነበር። «ሻይ ላምጣልሽ?» አላት ከወንበሩ እየተነሣ።

«አይ፣ ይቅርብኝ» አለች።

ጀውሃራ ሻይ አምሯት ነበር። ጠዋት ሳትቀምስ ነው የወጣችው። ግን ደግሞ ሰው ሻይ ላምጣ ሲል ወዲያው «አምጣ» ይባላል እንዴ? አንዴ ይቅርብኝ ይባላል፣ ጋባዡ «ኧረ በአላህ» ይላል፣ ሁለተኛም ይቅርብኝ ይባላል፣ ከዚያ እሱ ምንም ሳይል ያመጣዋል። ይህን የማያውቅ ማን አለ?

ዓብዱረዛቅ ሄደ። ተመለሰ። አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዞ ተመለሰ። ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀምጦ እፍ እያለ ጠጣው።

ጀውሃራ የኮምፒውተሩን ፊደሎች እየደበደበች ተየበች። ዝም ብላ ልትተወው አስባ ነበር፣ አልቻለችም።

«አንተ ግን ኮምቦልቻ ነው ያደግከው?»

«አዎ። ምነው?»

«ምንም። ኮምቦልቻ ሰው አንዴ ብቻ ነው የሚጠይቀው ወይ ብዬ ነው።»

ብርጭቆውን አየ፣ እሷን አየ፣ ገባው። ፊቱ ቀላ። ሊነሣ ብድግ አለና ተመልሶ ተቀመጠ።

«ስሚ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ። «እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ክረምት አንድ ፕሮፌሰር እራት ቤቱ ጠራኝ። ቀኑን ሙሉ እህል በአፌ አልዞረም። ሳልመን የሚባለው ዓሣ አለ፣ ድንች አለ፣ ሽታው ደጅ ድረስ ይመጣል። ሚስትዮዋ ሳህኑን ይዛ ‹ላድርግልህ?› አለችኝ። ‹አይ፣ ጠግቤያለሁ› አልኩ።»

«እሺ?»

«እሺማ ምን እሺ አለው፣ አለፈችኝ! ሳህኑ ጠረጴዛውን ዞረ፣ እኔ በዓይኔ ሸኘሁት። ሶ ጦሜን አደርኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። ስፈልግ እሺ እላለሁ። ሰውም አይ ካለኝ አይ ነው። አልጨቀጭቅም። በተለይ ሴት ልጅ አይ ካለች አይ ነው። ይሄ እኮ የዚህ አገር ጥሩ ሕጉ ነው።»

ጥሩ ሕግ መሆኑን ጀውሃራም አላጣችውም። ስንቷ ልጅ ናት አይ ብላ ማንም ሳይሰማት የቀረችው። «እሺ» አለችው። «ሻይ ሁለት ስኳር።»

ሮጦ ነው የሄደው።

ከዚያ በኋላ በትንሽ በትንሹ ነገር ቋንቋውን ለመደችው። ሻይ ሲላት እሺ ትላለች። ጃንጥላ ልያዝልሽ ሲላት እሺ ትላለች። የትርኢት ትኬት አለኝ ሲላት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እሺ ብላ የቀን ትርኢት አየች። ከትርኢቱ አንድም ነገር አልገባትም። መብራቱን ብቻ ነው ያየችው። ከቢጫ ወደ ሰማያዊ ቀስ እያለ ሲለወጥ፣ ከኋላ ከፍ ካለው ክፍል ውስጥ ያንን የሚያደርገው እሱ እንደሆነ እያሰበች እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ደስ አላት። በጣም ደስ አላት።

በቃ፣ ወደደችው። ሌላ አነጋገር የለውም። ሰኞ ሲደርስ ሻሿን ሁለቴ ሦስቴ ፈትታ የምታስር ሆነች። እሱም ሰኞ ሲደርስ ጢሙን የሚላጭ ሆነ። ቢሮ ውስጥ አብራት የምትሠራው ሃሴት፣ በስምንት ዓመቷ ሲያትል የመጣች የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሁለቱን እያየች ዓይኗን ወደ ጣሪያ ትሰቅላለች።

«ኦ ማይ ጋድ» ትላለች። «ዝም ብላችሁ ስታፈጡ እኔ ደከመኝ።»

በሚያዝያ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ጀውሃራ ቴአትር ቤቱ ውስጥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ የወረቀቷን ረቂቅ ታርም ነበር። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። በሩ ክፍት ነው፣ ሠራተኞች ይወጣሉ ይገባሉ። ዓብዱረዛቅ መሰላል ላይ ሆኖ አንድ መብራት ሲያስር ቆየ። ወረደ። እጁን በሱሪው ጠረገ። ከእሷ ሁለት ወንበር ትቶ ተቀመጠ።

«ጀውሃራ።»

«አቤት።»

«እኔ ዙሪያ ጥምጥም አላውቅበትም።»

«እሱንስ አውቃለሁ» አለች።

እሱ ግን አልሳቀም። «አጎትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልላክ? አንቺ ፈቃድሽ ከሆነ ብቻ ነው። ካልሆነ አልልክም።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ጉዱ። የጀውሃራ ልብ እሺ ብሎ ጨርሷል። እሺ ካለ ወራት አልፎታል። አንደበቷ ግን ለሻይና ለጃንጥላ የተማረውን ትምህርት በዚያች ሰዓት ረስቶ ደሴ ገባ። ታላቅ እህቷ ሐሊማ ስትታጭ ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። በመጀመሪያው ቀን አባቷ ፊታቸውን አዙረው «ልጃችን ገና ናት» ብለው ሸኟቸው፤ ሽማግሌዎቹም እየሳቁ ወጡ። ሐሊማ ጓዳ ሆና እየሰማች ነበር፤ እሷም ሳቀች። ማንም አልደነገጠም። የጎረቤታቸው ልጅ ግን በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ብላ እስከ ሠርጓ ቀን ድረስ «ቋምጣ ስትጠብቅ ነበር» ተብላ ታምታለች። ጀውሃራ ያን ሐሜት በጆሮዋ ሰምታ ያደገች ልጅ ናት።

«ኧረ ተወኝ፣ አንተ ደግሞ!» አለች አንገቷን ሰብራ። «አይ... አይሆንም።»

አጎንብሳ ፈገግ አለች። እርሳሷን ወረቀቱ ላይ እያመላለሰች ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀች። ለሁለተኛው ምን እንደምትል ታውቃለች፤ ዝም ትላለች። ለሦስተኛው ደግሞ «አንተ እንዳልክ» ትላለች። ሁሉንም በልቧ አዘጋጅታው ነበር።

የሆነ ቦታ መዶሻ ይመታል።

«ኦኬ» አለ ዓብዱረዛቅ።

ተነሣ። ቀስ ብሎ መሰላሉን አጥፎ አነሣና ይዞት ወደ ጓዳ ገባ። ጀውሃራ ቀና ስትል ጀርባውን አየች።

መጀመሪያ አልደነገጠችም። እያሰበበት ነው አለች። ሰኞ ይጠይቀኛል አለች። ሰኞ መጣ፤ ዓብዱረዛቅም እንደ ወትሮው መጣ፣ ሰላም አላት፣ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ።

ወረቀቱ ተተይቦ ነበር።

ከላይ እስከ ታች በኮምፒውተር፣ ጥርት ባለ ፊደል። የሚያነብላት አያስፈልጋትም። ወንበር አልሳበም።

«እንዳላስቸግርሽ ብዬ ነው» አለ። በጨዋ ድምፅ ነው ያለው፤ ቅያሜ የለበትም። እሱ ነው የባሰው። ቅያሜ ቢኖርበት ታባብለው ነበር።

ጀውሃራ የዚያን ቀን የቴአትር ክፍሉን ማስታወቂያ በሦስት ደቂቃ ገልብጣ ጨረሰች። ከዚያ ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች።

ቅዳሜ ጠዋት ከአክስቷ ከዘምዘም ጋር ልብስ ሲያጥፉ፣ ነገሩን በጎን አነሣችው።

«አክስቴ፣ አጎቴ ሰዒድ አንቱን ሲያጩ ሽማግሌ ስንቴ ላኩ?»

«ሦስቴ» አሉ ዘምዘም፣ አንሶላውን እያራገፉ። «ኧረ ቆይ፣ አራቴ ነው። አራተኛውን እኔ ራሴ ነኝ በሰው ያስላክሁት፣ ደከመው ሲሉኝ። ምነው?»

«እንዲሁ ነው።»

«ወንድ ልጅ ከፈለገ ይመላለሳል፣ ልጄ። የማይመለስ ከሆነ መጀመሪያውንም አልፈለገም።»

ይህ ቃል ጀውሃራን ለሁለት ሳምንት አጽናናት፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ገደላት። ዘምዘም የተናገሩት ከልባቸው ነው፤ ስለ ማን እንደተጠየቁ ግን አላወቁም። ያቺ «በሰው ያስላክሁት» ያሏትን ቃል ጀውሃራ ልብ ብላት ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ በሠርግ ያልቅ ነበር። እሷ ግን የሰማችው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

በመጨረሻ ነገሩን አውጣጥታ ያፋጠጠቻት ሃሴት ናት።

«ሶ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ?»

«ንገሪው! ‹ዩ ኖው ዋት፣ እሺ ማለቴ ነበር› በይው።»

«ሴት ልጅ እንዴት ብላ ትናገራለች?»

«በአፏ!» አለች ሃሴት።

ጀውሃራ ቢጫዎቹን ወረቀቶች አነሣችና ልትለጥፍ ወጣች።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል የዓብዱረዛቅ የመጨረሻ ማስታወቂያ መጣ፤ ተተይቦ። «የመድረክ መብራት ዎርክሾፕ ለጀማሪዎች። ቅዳሜ ሰኔ አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ። በነጻ።» ጀውሃራ ሁለቴ አነበበችው። ወረቀቷ ላይ ከሁሉ በላይ አደረገችው፣ ከቼሎው በላይ። እሄዳለሁ አለች። እሄድና በአፌ እነግረዋለሁ።

ቅዳሜ ዕለት አውቶቡሱ ውስጥ፣ ከሬኒየር ቢች እስከ ግቢው ድረስ፣ የምትለውን ስታጠና ሄደች። «ያን ቀን ያልኩህን አላልኩም ማለት ነው።» አይሆንም፣ ሞኝ ያስመስላል። «አጎቴ ዘንድ ላክ።» ይሄስ በጣም አጭር ነው። «ዓብዱ፣ ደግመህ ጠይቀኝ።» ይሄ ጥሩ ነው። ይሄን እላለሁ ብላ ወረደች።

አሥራ ሁለት ሰው መጥቷል። ዓብዱረዛቅ በሩ ላይ ሲያያት እጁ ላይ የነበረውን ገመድ መጠቅለሉን አቆመ። «መጣሽ» አለ።

«መጣሁ» አለች።

ከዚያ ሥራውን ጀመረ። መብራት እንዴት እንደሚሰቀል፣ እንዳይወድቅ በምን ሰንሰለት እንደሚታሰር፣ ብርሃኑ እንዴት ቀስ ተብሎ እንደሚነሣና እንደሚበርድ አሳየ። ስለ ሥራው ሲያወራ ያምርበት ነበር። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ «አንድ ሰው መድረኩ ላይ ይቁምልኝ፤ ፊት ላይ ብርሃን ምን እንደሚያደርግ ላሳያችሁ» አለ። ዓይኑ እሷ ላይ አረፈ። በአማርኛ፣ ዝቅ ብሎ፣ «ጀውሃራ፣ ትቆሚልኛለሽ?» አላት።

«አይ፣ አይ፣ ሌላ ሰው ይቁም» አለች።

ቃሉ ከመውጣቱ በፊት አፏን ልትዘጋ ፈልጋ ነበር። አልደረሰችበትም። አንዲት ቀይ ጸጉር ያላት ልጅ እጇን አንሥታ ዘላ ወጣች፤ የቀረውን ሰዓት ሁሉ ዓብዱረዛቅ በዚያች ልጅ ፊት ላይ ብርሃን ሲያነሣና ሲያበርድ ጀውሃራ ከወንበሯ ሆና አየች።

ሰዉ ሲወጣ እሷ በሩ አጠገብ ቆየች። ዓብዱረዛቅ ገመዱን በክንዱ ጠቅልሎ መጣ።

«እንኳን መጣሽ፤ ሳንሰነባበት መሄዴ ነበር» አለ። «ከሐይቁ ማዶ ሬድመንድ ሥራ አገኘሁ። ሶፍትዌር ነው። ሰኞ እጀምራለሁ። ቤትም ቤልቪው ይዣለሁ።»

«እንኳን ደስ አለህ።»

«አላህ ይስጥልኝ።»

ቆሙ። እሱ ገመዱን ፈታና እንደገና ጠቀለለው። እሷ የቦርሳዋን ማንጠልጠያ ያዘች። አውቶቡስ ውስጥ ያጠናችውን ቃል በልቧ ደገመችው። ደግመህ ጠይቀኝ። ሁለት ቃል ናት እኮ።

«የምትነግሪኝ ነገር አለ?» አላት ዓብዱረዛቅ።

ዓይኑን አየችው። አሁን ሳስበው፣ ያን ያህል የሚማጠን ዓይን እሷ ከዚያ በኋላ አላየችም።

«አይ፣ የለም» አለች ጀውሃራ። «እንዲሁ ነው የመጣሁት።»

ከሬኒየር ቢች እስከ ቤልቪው ሩቅ አይደለም። ሐይቁ ላይ ድልድይ አለ፣ አንድ አውቶቡስ ይቀየራል፣ በቃ። ጀውሃራ ያን መንገድ አንድም ቀን አልሄደችም። የአውቶቡሱን የጊዜ ሰሌዳ ግን በቃሏ ታውቀው ነበር። ስልክ ቁጥሩን ኢብሮ ከሚባል ጓደኛው ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ስድስት ወር ይዛ ዞረች። አንድ ጊዜ ኮል አድርጋ የመልስ ማሽኑ ሲያነሣ ዘጋችው። በዒድ የሰው ብዛት ውስጥ፣ ከወንዶቹ ወገን፣ ሰፊ ትከሻውን ከሩቅ አየችው። ዞር ብሎ ቢያያት ኖሮ እጇን ታነሣለት ነበር። አልዞረም።

በሁለተኛው ዓመት መከር ኢብሮን ገበያ ውስጥ አገኘችው። «ዓብዱ እኮ አገባ» አላት ቲማቲም እየመረጠ። «ናኢማ ትባላለች። ጎበዝ ልጅ ናት። ካርድ አልደረሰሽም?»

«አልደረሰኝም» አለች። ቲማቲሙን ገዝታ ቤት ገባች። ለአክስቷ ምንም አልነገረቻቸውም። ዘምዘም ግን የዚያን ሰሞን አንድ ሁለት ጊዜ በዓይናቸው ጠየቋት፤ በአፋቸው አልጠየቁም።

ጀውሃራ ተመረቀች። ቢሮው ቋሚ ሠራተኛ አድርጎ ቀጠራት፤ አሁን የምትተይበው ብቻ ሳትሆን ዝግጅቱን የምታሰናዳውም እሷ ሆነች። የሚፈልጓት ነበሩ። ሁለቱ ሽማግሌ ልከዋል፣ አንዱ ሦስቴ። ልቧ አልሄደም።

በ1999 ጸደይ ግቢው ዓመታዊውን የኪነ ጥበባት ቀን ከፈተ። በየአዳራሹ ኮንሰርት፣ በየሜዳው ዎርክሾፕ፣ ለልጆች ሸክላ ማድቦልቦል። ጀውሃራ የመረጃው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ለሚመጣው ሁሉ የቦታውን ካርታ ትሰጣለች። ፀሐይ ወጥታ ነበር። አንድ ሰው ካርታ ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ፣ ቀና ከማለቷ በፊት እጁን አወቀችው።

«ጀውሃራ» አለ።

ትንሽ ወፍሯል። ጢሙን አሳድጓል። ከኋላው አንዲት መልከ መልካም ሴት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልጅ አቅፋ ቆማለች። ናኢማ ጀውሃራን ጉንጯን ስማ ሰላም አለቻት፤ ጥሩ ሰው መሆኗ ያስታውቃል። ልጁ ሸክላውን አይቶ ሲንጠራራ «እኛ ቀደም እንበል፣ አንተ አውራ» ብላ ወደ ልጆቹ ጠረጴዛ ሄደች።

ሁለቱ ቀሩ። ስለ ሥራ ተጠያየቁ። ስለ ዘምዘም ጤና ጠየቃት። መኪናውን የት ፓርክ እንዳደረገ ነገራት።

ጀውሃራ የዚያን ዕለት ለምን እንደተናገረች ኋላም አላወቀችውም። ምናልባት ምንም የሚጠፋ ነገር ስላልነበረ ይሆናል።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለች። «አሁን ምንም እንዲሆን ብዬ አይደለም። እንድታውቀው ብቻ ነው። ያን ቀን አይሆንም ስልህ እሺ ማለቴ ነበር። ደግመህ እስክትጠይቀኝ ነበር የምጠብቀው።»

ዓብዱረዛቅ ካርታውን አጠፈ። እንደገና አጠፈው።

«አውቅ ነበር» አለ።

«ምኑን?»

«የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ እኮ፣ ጀውሃራ። መግደርደር ነው የሚጠፋኝ? አጎንብሰሽ ስትስቂ አይቼሻለሁ።»

«ታዲያ... ሰው አይ ካለኝ አይ ነው ያልከውስ? ሕጌ ነው ያልከኝ?»

«ሕጉ ሕግ ነው። ለሌላ ሰው ሁሉ ሕግ ነው። ለአንቺ ግን ምክንያት አደረግሁት።» ድምፁ ቀጠነ። «ፈራሁ። አንዴ አይ ስትይኝ ‹መግደርደሯ ነው› ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሁለተኛ ጠይቄሽ አይ ብትይኝስ? ምን ይቀረኛል? ሶ ተስፋዬን ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ ‹የምትነግሪኝ አለ?› ስልሽ፣ ያ ነበር አቅሜ። ከዚያ በላይ ወንድነት አልነበረኝም።»

ከወዲያ በኩል ናኢማ ጠራችው። ልጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኗል፣ እየሳቀ ነው።

«ሂድ» አለችው ጀውሃራ።

«ይቅር በይኝ።»

«አንተም።»

ሄደ። ልጁን ከሚስቱ ተቀብሎ አቀፈው፤ ሸሚዙ ጭቃ በጭቃ ሆነ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ጀውሃራ ጥፋቱን ብቻዋን ተሸክማው ኖራለች። አንድ ቃል ባለመናገሬ ነው እያለች። ከትከሻዋ ግማሹን የሚያነሣላት ሰው ቢመጣ ቀለል የሚላት ይመስላት ነበር። ዛሬ መጣና በገዛ አፉ አነሣላት። አልቀለላትም። እስከ ዛሬ ስታዝን የኖረችው እሱ ሳያውቅ ቀረ ብላ ነበር። ማወቁን አሁን ሰማች፤ ያቺ ሐዘን ከዚህኛው ትሻል ነበር።

አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ቀረብ ብላ ቼሎው በየትኛው አዳራሽ እንደሆነ ጠየቀቻት። ጀውሃራ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች፣ ካርታ አወጣች፣ መንገዱን በጣቷ እያሳየች አስረዳቻት። ከአሮጊቷ በኋላ ሌሎች መጡ። ዝግጅቱ እስኪያልቅ ድረስ ከጠረጴዛዋ አልተነሣችም።